ከልጇ አጠገብ

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር መዳፍ በተማሪዎቹ ፊት ክኒኑን ለመቀበል እንደተዘረጋ ቀረ። የደራርቱ እናት ክኒኑ ያለበትን የመሐረቧን ቋጠሮ ይበልጥ ጨበጠች።

«እሜቴ፣ የተማሪ መድኃኒት ቢሮዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ደንብ ነው።»

«ትናንት ልጄን አስሙ ሲያፍናት ቁልፉን ይዘው ጉቴ ከተማ ሄደው ነበር። ደንቡ ይተነፍስላታል?» አለችና ከልጇ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እዚሁ ሆኜ እኔው እሰጣታለሁ።»

«ይህ የሕፃናት ክፍል ነው።»

«እኔም በማታው ትምህርት ገና ‹በ›ን አላለፍኩም። መምህርት፣ ይቀጥሉ።»

«ዘበኛውን እጠራለሁ።»

«ይጥሩት። በማታው ትምህርት ከጎኔ ነው የሚቀመጠው፤ ከእኔም ይብሳል።»

ክፍሉ ሳቀ። ደራርቱም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረቷ ውስጥ ወደ ማፏጨት ተለወጠ። እናቷ ቋጠሮውን ፈታች።

«ውኃ ያምጡልኝ» አለች፣ ዲሬክተሩን ቀና ብላ እያየች።

ዲሬክተሩ ራሳቸው ሄዱ።