ፊልም የሚያነበው ስካነር

የመቱ ሙዚየም ለፎቶግራፍ ክምችቱ ስካነር ሊገዛ ሁለት ማሽን ለሙከራ አስመጣ። አንደኛው ፈጣን ነው፤ ግን ወረቀት ብቻ ያነባል። ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው፤ ፎቶ የሚታተምበትን ፊልምም ያነባል።

ሽብሬ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ትላለች። አብዛኞቹ ፎቶዎች የሟች ባሏ የሰይፈ ሚካኤል ፎቶ ቤት ሥራ ስለሆኑ አስተያየት እንድትሰጥ ተጠርታለች።

«ወረቀት አንባቢው ይበቃናል» አለ የሙዚየሙ ባለሙያ አብደታ። ሙያውን ያስተማረው ሰይፈ ሚካኤል ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ፎቶ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የያዘውም አብደታ ነበር።

«ፊልሙስ?» አለች ሽብሬ።

«ፎቶው እያለ ፊልም ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ?»

ፎቶው ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰይፈ ሚካኤል ሰው ሲያነሳ ኖሮ ራሱ መነሳት አይወድም ነበር። ቤቷ ያለው አንድ ትልቅ ፎቶ ለለቅሶው አብደታ ያመጣው ነው፤ ኮት ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። የኢሉባቦር እርጥበት ፊቱን በላው። እጆቹ ቀሩ። ሽብሬ ማታ ማታ የምትስመው እነሱን ነው።

ሰሞኑን የፎቶ ቤቱን መሳቢያ ስታጸዳ ፊልሙን አገኘች። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ፊቱ ባይለይም ኮቱን አወቀችው። ያን ፊት ሳታይ መሞት አትፈልግም።

የሙዚየሙ ኃላፊ ገለኔ ሳቀች። «አብደታ፣ ፊልም እንዲህ የፈራኸው የጌታህን ሥራ በራስህ ማህተም አውጥተህ ነው እንዴ? የእናንተ የፎቶ አንሺዎች ነገር አይታመንም። ዳሪሙ ገጠር የነበረው አያቴ ኮት ለብሶ አያውቅም፤ ሲሞት ከመታወቂያው ፎቶ ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ኮት የለበሰ ሌላ ሰው ላይ ለጠፋችሁት።»

አብደታ አልሳቀም።

ሽብሬ ፊልሙን የያዘውን ፖስታ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይኼን ሞክሩልኝ።»

አብደታ ከወንበሩ ተነሳ። «ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ይቧጨራል። ለእኔ ይስጡኝ።»

«አንተ ዘንድ የገባ አይወጣም» አለችና ለገለኔ ሰጠቻት።

«አይዩት፣ እትዬ» አለ አብደታ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ስለ እሱ ብዬ ነው።»

«ስለ እሱ አንተ ለእኔ ትነግረኛለህ?»

ገለኔ ፊልሙን አስገባች። መብራቱ ቀስ እያለ ተጓዘ። ምስሉ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይገለጥ ጀመር፤ ጫማው፣ ጉልበቱ፣ እጆቹ። ሽብሬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«እሱ ነው» አለች።

ኮቱ መጣ፣ ቀጥሎ ክራቫቱ።

ከኮሌታው በላይ የነበረው ግን የወጣቱ አብደታ ፊት ነው።