የልቧ በር

ለአንድ ሳምንት ወደ እንጅባራ የመጣው የልብ ሐኪም መመርመሪያውን ከታማሚዋ ደረት ላይ አነሳና ምስሉን እንደገና ማየት ጀመረ። አሮጊት እናቷ መጠበቅ አትወድም። «ምነው? የልቧ በር ጠቧል፣ ደረቷ ሳይቀደድ በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገብተን በፊኛ እናሰፋዋለን አላልክም? እኔማ ትናንት ፊኛ ስትል የሽንት ፊኛ መስሎኝ፣ ይሄ ልጅ ምኑን ከምኑ ሊያገናኝ ነው ብዬ ነበር» አለችው። ልጇ ልትስቅ ሞከረችና ትንፋሽ አጠራት።

ሐኪሙ አልሳቀም። አሮጊቷን በክንዷ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። «እማማ፣ በሩ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ፊኛው ይሰነጥቀዋል እንጂ አያሰፋውም» አላት በሹክሹክታ። «ልጄ የፋሲካ በግ አይደለችም፣ ደረቷን አላስከፍትም» ብላ በነርሶቹ ፊት የማለችው ጠዋት ነበር። አሁን የሐኪሙን ጋወን ጨምድዳ ያዘች። «እንግዲያው ክፈታት። በቢላዋም ቢሆን ክፈታት!»

«ቢላዋውንማ ልቧ አይችለውም፣ እማማ። እዚያው ትቀርብናለች።»

ልጅቷ ከአልጋው ቀና አለች። «እማየ፣ በየት በኩል ሊገቡ ነው ታዲያ?»

«እያሰበበት ነው» አለች አሮጊቷ። ጋወኑን አልለቀቀችም።