የግራው ሞላ

ቁጭ በሉ እስቲ፤ አትቁነጥነጡ። ከመሀል የሚነሳ ካለ የወጉ ጫፍ ይጠፋብኛል። አንቺ ዮርዳኖስ፣ እንደተናገርኩት ጻፊው እንጂ አታሳምሪው።

የጎረቤታችንን የእጅጉን ባጃጅ ታውቁታላችሁ፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው በር ላይ የሚቆመውን። ክረምት ሲወጣ ማዘንበል ጀመረ። ባዶውን ቆሞ እንኳ ከኋላ በግራ በኩል ዝቅ ይላል፤ ሐሜት ለመስማት ጆሮውን እንደጣለ ሰው። ቡሬ ያለው ሜካኒክ ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሰው፣ እጅጉ ራሴ እፈታዋለሁ ብሎ አንድ ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ አቆመው። ግቢያችን አንድ ነው፤ እኔ በርበሬዬን አስጥቼ ሁሉንም አያለሁ።

ሚስቱ ሠርክአዲስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ናት። ጠዋት ያደርሳታል፣ ለምሳ ያመጣታል፣ መልሶ ይወስዳታል፣ ሥራ ሲለቀቅም ይቀበላታል። መንገድ ላይ ማንን ሰላም እንደሚል በመስታወቱ ትከታተለዋለች እንጂ ደኅና ሴት ናት። ያቺ ቅናቷ ብቻ ናት። ያን ቀን ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች።

እጅጉ የኋላውን በክሪክ አነሳ፤ ክሪኩ እንዳይከዳው ድንጋይ ደገፈበት። ጎማውን አወለቀ፤ ከላይና ከታች ያሉትን ቡሎኖች ፈታ፤ መንገጫገጩን የሚያበርደውን አሞርዛተር ከነሞላው መዝዞ አወጣው። የቀኙንም እንዲሁ። ሁለቱን ማዳበሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲያጋድማቸው፣ የቀኙ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሏል፤ የግራው አውራ ጣት ያህል አጥሯል።

ሠርክአዲስ ውኃ ልታቀብለው መጥታ አየች። ለምን የግራው ብቻ ብላ ጠየቀች። እሱ ሞኙ እውነቱን ነገራት፤ ሦስት ሰው ሲሞላ ጭነቱ እኩል ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን እየገባ ሁልጊዜ አንዱን ጥግ ከያዘ ነው እንዲህ የሚሆን አላት።

«ብቻውን ነው ብቻዋን?» አለችው።

እጅጉ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም።

ገባችና ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ደጃፍ ላይ አስቀመጠች። ሴትዮዋን ዛሬ ካገኘኋት ቡሬ እናቴ ቤት ነኝ አለች። ካጣኋት ልብሴን እመልሳለሁ፣ ሁለተኛም ይህን ነገር አላነሳብህም አለች። እሱ በሚካኤል ማለላት። እሷ ግን መሐላ አይገባትም፤ መዝገብ ቤት ናትና ማስረጃ ነው የምትለው።

ማስረጃውንም አገኘችው። ሞላው መሀል ያለው ዘንግ ሰው ሲቀመጥ ይገባል፣ ሲነሳ ይወጣል አይደል? እስከ አንድ ቦታ ድረስ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ወዲያ የደረቀ ጭቃ ነው። ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር መዘዘችና ጭቃው የጀመረበት ላይ አሰረች። ተቀምጣ ዘንጉን ልክ እስከ ክሯ ድረስ ያስገባች ሴት ካለች ያቺው ናት አለች። መንገዱ እኮ ጉድጓድ ነው፣ መዝለል አለ፣ ቢላት አልሰማችውም። ይታጠብ፣ ግራሶ ይቀባ፣ ጎሚኒው፣ የጫፉ ላስቲክ ማለት ነው፣ ይቀየር፣ ሞላው ግን ያው አሮጌው ይግባ ብላ አዘዘች። እሱም እንዳለችው ገጠመው።

ከዚያ እኛን የሰፈሩን ሴቶች ጠራችን። ባጃጁ ታድሷልና ኑ፣ ገብታችሁ ተቀምጣችሁ መርቁልን አለች። ለምረቃ ተጠርቶ ማን ይቀራል?

መጀመሪያ አስተማሪዋ ሜላት መጣች። ሲረፍድባት እየደወለች እጅጉን ነው የምትጠራ። ግራ ጥግ ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷም ከአደጋ ይሰውራችሁ አለች። እጅጉ ተንበርክኮ ጎማው ሥር ያያል። ዘንጉ ንቅንቅም አላለ። ነፋስ የተቀመጠ ነው የሚመስል፤ ምስኪን፣ ትበላለች መሰላችሁ?

አረቄ ሻጯ አየለች ቀጠለች። ሠርክአዲስ ገና ስታያት ዐይኗ ቀላ፤ አየለች እጅጉን «የኔ ዓለም» ነዋ የምትለው። ሰውን ሁሉ ነው እንዲያ የምትል፤ ግን ለቅናት ይህን ማን ያስረዳው? እሷ ምርቃቷን እስከ ልጅ ልጅ አደረሰችው። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ሠርክአዲስ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ ሥርጉት፣ እርስዎም ይመርቁን እንጂ» አለችኝ። ድምጿ ምርቃት የሚፈልግ ድምፅ አልነበረም።

እውነት ነው፣ በርበሬዬን ገበያ የሚያደርስልኝ እጅጉ ነው። እኔ ግን በፈረስ ጋሪ ነው የምሄድ፤ የባጃጅ ጥበት አይሆነኝም። ቢሆንም ልቤ ዘለለ፤ ንጹሕ ሰውም ሚዛን ላይ ሲወጣ ይፈራል። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ባጃጁ አቃሰተ። ዘንጉ ክሯን አልፎ ሄደ፤ ሁለት ጣት አልፎ። እናንተ ወፈርሽ እያላችሁ የምትስቁብኝ፣ ያን ቀን ያዳነኝ ይኸው ሥጋዬ ነው።

እንግዲህ የምትጠረጠር አለቀች። ሠርክአዲስ ቃሏ ቃል ነው፤ ሴትዮዋ ካልተገኘች ልብሷን ልትመልስ ነው። ፊቷ ግን የረታ ሰው ፊት አልነበረም፤ እጅጉም በእፎይታ ላቡን ይጠርጋል። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ስለዋለች፣ እስቲ እኔም ትንሽ ልረፍ ብላ ገብታ ግራ ጥጉ ላይ ዘፍ አለች። እጅጉ ገና እንደተንበረከከ ነው። ጎማው ሥር አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። ተመልሶ ጎንበስ አለ። ከዚያ እኛን በእጁ ጠራን።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ብናይ፣ ዘንጉ ገብቶ ገብቶ ልክ ቀይዋ ክር ላይ ቆሟል፤ ሠርክአዲስም... አቤት? ማነው? መጣሁ፣ መጣሁ፣ እስቲ አንዴ