የእናት ወገን

ልብስ ሰፊው ሚስቱን በጡት ካንሰር ከቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም። ሁለቱ ሴት ልጆቹ ግን ሌላ ሴት ይዟል ብለው ጠርጥረውታል።

ጥርጣሬው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲሰፋ ኖሮ ለራሱ አንድ ቁልፍ መትከል የሚታክተው ሰው፣ በሦስት ወር ውስጥ አምስት ጥቁር ሰደርያ ሰፍቶ እያፈራረቀ ይለብሳል። የውስጥ ልብሱን ራሱ ያጥባል። መኝታ ቤቱን ከውስጥ ይቆልፋል። የልጅ ልጁ ዘሎ ሊያቅፈው ሲል እንኳ "ሰደርያዬን እንዳታጨማድድብኝ" ብሎ ይመልሰዋል።

"ሽማግሌው ጎርምሷል" አለች ትንሿ ልጅ። "የክር ሻጯ ሥራ ነው። ሱቁ ስትመጣ ዓይኑን መሬት ነው የሚተክለው።"

ትልቋ አልሳቀችም። ከአባቷ ጎን በሁለተኛው መኪና የምትሰፋው እሷ ናት፤ የሰደርያዎቹን ነገር ቀድማ ያየችውም እሷ። አንድ ቀን ግራ ደረቱ ላይ ሳንቲም የምታህል እርጥበት አይታ ብትጠይቀው "የካውያው ውሃ ተረጭቶብኝ ነው" አላት። አላመነችውም፣ ግን አልተከራከረችም። የራሷ ጭንቀት ነበረባት። እናቷን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመመችው እሷ ነበረች። አሁን ሁለት ልጆች አሏት፤ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ ጡቷን ትዳብሳለች።

በመጨረሻ እህቷን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። አባትየው ማንም ሳይጠራው ተከተላቸው።

ሐኪሟ ቅጽ ሰጠቻቸው። ገጹ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በቀኝ የእናት ወገን፣ በግራ የአባት ወገን። ትልቋ የቀኙን ሞላችው። ብብቷ ሥር አብጦ ሞተች የተባለችውን የእናቷን አክስት እንኳ አልረሳችም። በግራው በኩል ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ሰረዘችበት።

"የአባታችሁስ ወገን?" አለች ሐኪሟ።

"አምስት ወንድማማቾች ናቸው። በቤቱ ሴት የሚባል አልተወለደም" አለች ትልቋ። "ጡት ከየት ያመጣሉ?"

ትንሿ ሳቀች። አባትየውም ፈገግ አለ። ከአምስቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ በምን እንደሞቱ ግን ማንም አላነሣም።

ሐኪሟ ወረቀት ገልብጣ ሁለት ክብ ሣለች። "ሴሎቻችን ያለ ልክ እየተባዙ ዕጢ እንዳይሆኑ የሚከላከሉ ዘረ መሎች አሉን። እንደ ዘበኛ ቁጠሯቸው። እያንዳንዱ ጥንድ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ከውልደት የተበላሸበት ሰው በቀረው አንድ ዘበኛ ይኖራል። ያም በሆነ ቀን ከተበላሸ፣ በሩ ክፍት ነው።"

"ወንድ ልጅስ?" አለ አባትየው ድንገት።

"ወንድ ልጅም ይወርሰዋል። እንዲያውም አንዳንድ ወንዶች ራሳቸው ጡታቸው ላይ ዕጢ…"

"አባዬ፣ በናትህ!" ትልቋ ሐኪሟን አቋረጠቻት። "ልጄ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ደግሞ በሱ አታስጨንቀኝ።"

ሁለቱ እህትማማቾች ለምርመራ ደም ሰጡ።

ውጤቱ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ትልቋ እንቅልፍ አጣች፤ ከእንቅልፍ ማጣቱ የባሰው ግን በሟች እናቷ ላይ ያደረባት ቂም ነበር። ታፍርበታለች፣ ልትተወው ግን አልቻለችም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውን የእናቷን ፎቶ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አባትየው አውጥቶ መልሶ ሰቀለው።

"እናትሽን ተያት" አላት። "እሷ ምን አጠፋች?"

"ታዲያ ማን አጠፋ?"

አባትየው በቀኝ እጁ ካውያውን አንሥቶ ወደ ሥራው አቀረቀረ። ግራ ክንዱን ከጎኑ አላነሣውም። ትልቋ በሆዷ፣ ሰው ሚስቱን ሲበድል ነው ከሞተች በኋላ ጠበቃ የሚሆንላት አለች።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም ሐኪሟ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ።

ትንሿ ነፃ ነበረች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ሐኪሟ ወደ ትልቋ ዞረች።

"አንቺ ላይ የተበላሸው ዘረ መል ተገኝቷል። ይህ ማለት ታመሻል ማለት አይደለም። በየጊዜው እንከታተልሻለን፤ ከፈለግሽም ሕመሙ ሳይጀምር ጡትሽን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ይቻላል። ጊዜ አለሽ።"

ትልቋ ወለሉን አየች። "አውቄው ነበር" አለች። "እናቴ ይህንኑ አወረሰችኝ። ሞታም አልለቀቀችኝ።"

"እሱን ልነግርሽ ነበር" አለች ሐኪሟ። "ከእናታችሁ ዕጢ የተወሰደ ቁራጭ በሰም ተይዞ ላቦራቶሪ ተቀምጦ አገኘነው። መረመርነው። የእሷ ሁለቱም ዘበኞች ጤነኛ ሆነው ነው የተወለዱት። ሕመሟ የራሷ ብቻ ነበር። አንቺ ላይ ያለው ከእሷ አልመጣም።"

ትንሿ ማልቀሷን አቆመች።

አባትየው ከወንበሩ ተነሣ፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና የሰደርያውን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ።