የተፋቀው ጭረት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቀራፂውም ታላቅ ወንድሙ የሰደበውን ቃል በቃል ይዞት ነበር። በአባታቸው ቀብር ማግስት፣ ሐዘንተኛው ቤቱን ሞልቶ በተቀመጠበት፣ «ይሄ ቅጠል ለቃሚ ለዚህ ቤት ምን ሊረባ!» ነበር ያለው። በዚያው ሳምንት ታላቁ የጓሮውን ዛፍ አስቆረጠ። ቅጠል ለቃሚው ግንዱን እየጎተተ ወሰደ፤ ስድቡንም አብሮ።

አሁን ያ ግንድ በቀራፂው የሥራ ኤግዚቢሽን አዳራሽ መሀል ቆሞ ነበር። ዙሪያውን ከሽቦ፣ ከሰምና ከአሮጌ ጨርቅ የሠራው ጫካ ከቦታል፤ ወለሉ እርጥብ አፈር ነው፤ ጣሪያው ላይ ከተደበቁት ድምፅ ማጉያዎች የዝናብ ድምፅ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሙ ምርኩዝ ተደግፎ ሲገባ፣ ቀራፂው ለዓመታት ያጠራቀመው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ወንድሙን በሽታ ጨርሶት ኮቱ የተውሶ መስሎበታል።

«አንተ ጉድ! ጫካውን እዚህ ድረስ አመጣኸው?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ከዚያ ግንዱ ሥር እንደምንም ተንበርክኮ በጣቱ ይዳብስ ጀመር። አባታቸው ሁለቱን በየተራ እያስደገፈ ቁመታቸውን በቢላ የሚጭረው እዚያ ላይ ነበር። «ይኸው ያንተ! አቤት፣ ድንክ ነበርክ እኮ።» ጣቱ ከፍ ብሎ ፈለገ፤ ዝቅ ብሎ ፈለገ፤ ልስልስ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። «የኔስ? የኔ የት ሄደ፣ ወንድም ዓለም?»

የወንድሙን ጭረት በሞረድ የፋቀው ቀራፂው ራሱ ነበር፤ ግንዱን በወሰደ ቀን፣ እያፏጨ። ወንድሙ ደግፎ እንዲያነሳው እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ቀራፂው ግን የፋቀበትን እጁን ለመስጠት አፍሮ፣ ፊቱን አዙሮ፣ በማያረጥበው ዝናብ መሀል፣ ወደ በሩ ሄደ።