ሳይጠይቅ የሚያርመው

የኮምፒውተር ባለሙያው የመሥሪያ ቤቱን ያረጀ ፕሮግራም ወደ ዘመናዊ ከሚቀይሩ ሁለት መሣሪያዎች አንዱን እንዲመርጥ ሲታዘዝ ደረቱን ነፋ።

«ቀርፋፋውን ብንወስድስ?» አለችው ባልደረባው ስንዱ። «ያልገባውን ይጠይቃል።»

«ጠያቂማ በየስብሰባው ሞልቶልን የለ!» አለና፣ ስህተት የመሰለውን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያርመውን፣ ከውጭ የመጣውን ፈጣን መሣሪያ መረጠ።

አዲሱ ፕሮግራም በተጀመረበት ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው መታወቂያውን በሩ ላይ እያስነካ ተራ በተራ ገባ። ባለሙያውም ለምርጫው ሊሸለም ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በከረባት ታንቆ መጥቶ ቢያስነካ በሩ ጮኸበት እንጂ አልተከፈተለትም።

ስንዱ ከውስጥ ኮምፒውተሩን አየችና በመስታወቱ በኩል ጮኸች፦ «የተወለድክበት ወር የለም ብሎ ከሠራተኛነት ሰርዞሃል! ለመሆኑ መቼ ነው የተወለድከው?»

ከረባቱን አላላ።

«ጳጉሜን ሦስት።»