እሹሩሩ በስሟ

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ እርሷ ግን የማያውቋት አገር አጣች። በሬዲዮ የልጆች ተረት አያ ጅቦን ሆና የኖረች የድምፅ ተዋናይት ናት። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችውን እሹሩሩ በስሟ ለማሳተም የአዲስ አበባን ስቱዲዮዎች ሁሉ ደጅ ጠናች።

«ጅብ ሲያባብል ማን ይተኛል?» እያሉ ሳቁባት።

በመጨረሻ ሐዋሳ ወረደች፤ ስለ ሬዲዮ ሥራዋ ሳታነሳ ስሟን ብቻ ተናግራ ዘፈነች። የስቱዲዮው አቀናባሪ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ እርስዎ አያ ጅቦ ነዎት አይደል? ልጆቼ ሲወዱዎት!»

«እንግዲያስ እንካ!» ብላ እሹሩሩዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጅቡ ድምፅ አጓራችበት፤ በሩንም በርግዳ ወጣች። መቅረጫውን ግን ማንም አላጠፋውም ነበር።

ዛሬ ሕፃናት የሚተኙት በዚያ ዘፈን ነው። ሽፋኑ ላይ «ግጥም፣ ዜማና ድምፅ፦ አያ ጅቦ» ተብሎ ተጽፏል።